ዳግማዊ ምኒልክ እና ወደ ቤት የገቡት መሣሪያዎች

ስለ አፄ ምኒልክ ሲነሳ አብዛኞቻችን በቀጥታ ወደ ዐድዋ እንሮጣለን። መሮጣችን ልክ ነው። ነገር ግን ስለ ዐድዋ ብዙ ተጽፏል፣ እኛም ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ ተምረነዋል። ይህ ጽሑፍ ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ሕይወት በሌላ በር ይገባል፤ ወደ ቤታቸውና ወደ ጽሕፈት ቤታቸው ባስገቧቸው መሣሪያዎች በኩል።

ለምን ቢባል፣ ዛሬ ከሰንዳፋ እስከ ሰበታ፣ ከቡራዩ እስከ ሱሉልታ ባሉ ከተሞቻችን አንድ ላፕቶፕና አንድ ፕሪንተር ይዞ ሥራ የማይጀምር ወጣት የለም ማለት ይቻላል። በየመንገዱ ዳር የኮምፒዩተር ጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቶች ሞልተዋል። መሣሪያው አለ። ታዲያ መሣሪያ ገዝቶ ማስገባትና መሣሪያን ማወቅ አንድ ናቸው ወይ? የምኒልክ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ ጥሩ ማስተማሪያ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰውየው በዘመናቸው ከማንኛውም የአገሪቱ ሰው በላይ አዳዲስ መሣሪያ አስገብተዋል። የተሳካላቸውም ያልተሳካላቸውም አለ። ሁለቱንም እናያለን።

የአንጎለላው ልጅ

ምኒልክ የተወለዱት ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ውስጥ ነው። አንጎለላ ከደብረ ብርሃን አቅራቢያ ያለ ቦታ ሲሆን ከአዲስ አበባ በሰንዳፋ በኩል ወደ ደብረ ብርሃን የተጓዘ ሰው በአካባቢው ያልፋል። አባታቸው ኃይለ መለኮት፣ አያታቸው ደግሞ የሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ነበሩ። የመሣሪያ ፍቅሩ ከአያት ይጀምራል። ሣህለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝን የሃሪስ መልእክተኞች ተቀብለዋል፤ ሮሼ ዴሪኩር የተባለው ፈረንሳዊም የባሩድ መፍጫ መሣሪያ ይዞላቸው መጥቷል። ስለዚህ ምኒልክ የተወለዱበት ቤት ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ የማይደንቀው ቤት ነበር።

በ1848 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሸዋን ሲይዙ ኃይለ መለኮት ሞቱ፤ ገና የ11 ዓመት ልጅ የነበሩት ምኒልክም ተማርከው ተወሰዱ። አሥር ዓመት ያህል የቆዩት በቴዎድሮስ ዘንድ ነው። እስረኛ ናቸው፣ ግን እንደ ልጅም አድገዋል። ያ ዘመን ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ የአውሮፓ ባለእጆችን ሰብስበው መድፍ ለማሠራት የሚታገሉበት ዘመን ነው። ወጣቱ ምኒልክ ሁለት ነገር ያዩ ይመስለኛል። አንደኛው መሣሪያ ኃይል መሆኑን ነው። ሁለተኛው ባለሙያን በግድ ይዞ ማሠራት የት እንደሚያደርስ ነው። በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱና ዙፋናቸውን ያዙ። በኋላ እሳቸው ራሳቸው ባለሙያ ሲፈልጉ ያደረጉት ከቴዎድሮስ የተለየ ነው፤ በደመወዝና በወዳጅነት ነው የያዙት።

ጫማ የሰፋው ኢንጂነር

በ1871 ዓ.ም. አልፍሬድ ኢልግ የተባለ በዙሪክ የተማረ ወጣት የስዊዘርላንድ ኢንጂነር አንኮበር ደረሰ። ስለመጀመሪያው ቀን ሲነገር የኖረ ታሪክ አለ። ምኒልክ ድልድይ ሥራልኝ፣ ቤተ መንግሥት አንጽልኝ አላሉትም ይባላል፤ በመጀመሪያ ጫማ እንዲሠራላቸው አዘዙት። ኢልግ ጫማ ሰፊ አልነበረም፣ ቢሆንም ታግሎ ሠራው። ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠራ ተጠየቀ ይባላል። ታሪኩ በአፍ ሲተላለፍ የተጋነነበት ሊሆን ይችላል። መልእክቱ ግን ግልጽ ነው፤ ትልቁን ሥራ ከመስጠት በፊት በትንሽ ነገር መፈተን።

ኢልግ ከዚያ በኋላ ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆየ። እንጦጦ ላይ ከምንጭ ውኃ በቧንቧ ወደ አዲስ አበባው ቤተ መንግሥት የወረደው እ.ኤ.አ. በ1894 በእሱ ሥራ ነው። በዚያው ዓመት ከሊዮን ሼፍኖ ጋር ሆኖ የባቡር ሐዲዱን ፈቃድ አገኘ። የአገሪቱ የመጀመሪያ ቴምብሮችና የምኒልክ ምስል ያለባቸው ገንዘቦች ፓሪስ የተሠሩትም በዚያው ዓመት ነው። አንድ ዓመት ውስጥ ይህን ሁሉ!

ለእኛ የሚሆነው ትምህርት ቀላል ነው። ለቤት ወይም ለትንሽ ቢሮ ኮምፒዩተር የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ሻጩን አይደለም፣ ራሱን ነው። ምን ልሠራበት ነው? ለጽሑፍና ለሂሳብ ብቻ ከሆነ ውድ የሆነው ማሽን አያስፈልግም። ለቪዲዮ ቅንብር ከሆነ ደግሞ ርካሹ ያሳብዳል። ሁለተኛው ጥያቄ ማን ይጠግነዋል የሚለው ነው። ፕሪንተር ሲገዛ የፕሪንተሩ ዋጋ ብቻ አይታይም፣ የቀለሙም ዋጋ ይታያል፤ ቀለሙ አካባቢው ላይ ይገኛል ወይ? ካልተገኘ ፕሪንተሩ የጠረጴዛ ጌጥ ሆኖ ይቀራል። ያገለገለ ኮምፒዩተር ከሆነ ከመክፈል በፊት እዚያው ቆሞ ማስነሳት፣ ቻርጀሩን ነቅሎ ባትሪው ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ ማየት፣ የቁልፍ ሰሌዳውን አንድ በአንድ መንካት ያስፈልጋል። ምኒልክ ኢልግን በጫማ እንደፈተኑት ማለት ነው።

አካል የሌለው ድምፅ

ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ላይ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ዘውድ ጫኑ። በዚያው ዓመት ራስ መኮንን ከጣሊያን ጉዞአቸው ሲመለሱ ስልክ ይዘው መጡ። ሽቦው በመጀመሪያ የተዘረጋው ከንጉሡ ክፍል እስከ ግምጃ ቤቱ ነው። በዛሬ ቋንቋ ብናወራው የቢሮ የውስጥ ስልክ ነበር ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ የሚነገረው ታሪክ እንዲህ ነው። አካሉ የማይታይ ሰው ድምፅ ከዕቃ ውስጥ ሲወጣ የሰሙ ካህናት ተደናገጡ፤ የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንዲሰበር ጠየቁ። ምኒልክ አልሰበሩትም። የካህናቱንም ክብር አልነኩም፣ ስልኩንም አላወጡም። ነገሩን በጊዜ ተዉት። በኋላ ሲኒማ ሲመጣም ሕዝቡ ማሳያ ቤቱን ሰይጣን ቤት ብሎ መጥራቱን ልብ ይሏል። አዲስ ነገር ሲገባ ስሙ ሰይጣን፣ ሲለመድ የቤት ዕቃ ነው። አያቶቻችን ብቻ ናቸው እንዲህ ያሉት ብለን መሳቅ አይገባንም። ዛሬም ኮምፒዩተሩ በራሱ ጊዜ ሲጠፋ ዐይን በላው የሚል ሰው ቢሮ ውስጥ አይጠፋም፤ የጠፋው ግን ማቀዝቀዣው በአቧራ ታፍኖ ሊሆን ይችላል።

ስልኩ ከክፍል ወጥቶ አገር ሊያገናኝ የጀመረው ቆየት ብሎ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌኮም የተመሠረተበት ዓመት ተብሎ የሚቆጠረው እ.ኤ.አ. 1894 ነው። ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር መስመር ተዘረጋ። ወሬው እንዳሁኑ በአንድ ትንፋሽ አይደርስም ነበር፤ በየመሐሉ ባሉ ጣቢያዎች የተቀመጠ ሰራተኛ ሰምቶ ለሚቀጥለው ጣቢያ ያስተላልፋል። የእንጨት ምሰሶውን ምስጥ ይበላዋል፣ ሽቦው ይቆረጣል። መስመር መዘርጋትና መስመር መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸው የታወቀው ያኔ ነው።

ዛሬ ምስጡ የለብንም፣ የመብራት መቆራረጥ ግን አለብን። ሰንዳፋ ላይ በክረምት መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒዩተር የሚጎዳው አብዛኛውን ጊዜ በመሄዱ ሳይሆን በአመጣጡ ነው፤ ኃይሉ በድንገት ከፍ ብሎ ይገባል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ነቅሎ፣ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ታግሶ መሰካት አንድ ሳንቲም የማያስወጣ መከላከያ ነው። ዩፒኤስ ያለው ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ። ዩፒኤስ የተሠራው ሥራን ሴቭ አድርጎ በሥርዓት ለማጥፋት እንጂ ቀኑን ሙሉ ለመሥራት አይደለም። ሌዘር ፕሪንተር ትንሽ ዩፒኤስ ላይ አይሰካም፤ ሲሞቅ የሚስበው ኃይል ከባድ ስለሆነ ዩፒኤሱን ሊጎዳው ይችላል።

ቴሌግራፍ የነበረው ማን ነበር?

ወደ ዐድዋ አልሄድም ብዬ ነበር፤ ለአንድ ነገር ግን መሄድ ግድ ሆነ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሁለቱ ጦሮች ሲገናኙ ፈጣኑ የመገናኛ መሣሪያ በማን እጅ ነበር? በጣሊያኖች እጅ ነበር። ጄኔራል ባራቲየሪ ከሮም ጋር በቴሌግራፍ ይገናኛል። ምኒልክ ያላቸው ነጋሪት፣ ፈረሰኛና እግረኛ መልእክተኛ ነው።

ታዲያ ያ ቴሌግራፍ ምን አመጣ? ከጦርነቱ ጥቂት ቀናት በፊት ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ ከሮም ጄኔራሉን የሚወቅስና የሚያጣድፍ መልእክት ላከበት። ስንቁ እያለቀ የነበረው ባራቲየሪም ማፈግፈግ አሳፍሮት ወደፊት ወጣ። ለሽንፈቱ ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው አልልም፤ የኢትዮጵያ ሠራዊት ብዛት፣ ጀግንነትና የመሪዎቹ ብልሃት አለ። ይሁን እንጂ መሬቱን የማያውቅ ሰው ከሩቅ ሆኖ በፈጣን መሣሪያ ሲያዝ ምን እንደሚሆን ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። በሌላ በኩል ምኒልክ መልእክታቸው ቀርፋፋ ቢሆንም በሰው ቋንቋ፣ አገሩን በሚያውቅ ሰው እግር የሚሄድ ነበር። ፈጣን መሣሪያ መያዝና ትክክለኛ መረጃ መያዝ ለየቅል ናቸው። ለጋዜጠኝነት ተማሪ ይህ በየቀኑ የሚሠራ ትምህርት ነው። ቴሌግራም ላይ ቀድሞ የለጠፈ ሁሉ ቀድሞ አላወቀም።

የንግሥቲቱ ድምፅ

ከመሣሪያዎቹ ሁሉ እኔን የሚገርመኝ ይኼ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898 የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ ለአፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ የሰላምታ መልእክት በፎኖግራፍ ሰም ላይ በድምፅዋ ቀዳች። ደብዳቤ አይደለም፣ የገዛ ድምፅዋ ነው። መልእክቱ በእንግሊዝ ተወካይ እጅ አዲስ አበባ ደረሰ። ምኒልክ ደጋግመው ሰሙት፤ ለክብሩም መድፍ እንደተተኮሰ ይነገራል። አልፈው ሄደውም በዓመቱ እሳቸውና ጣይቱ የየራሳቸውን መልስ በድምፅ ቀድተው ላኩ። ያ የሁለቱ ባልና ሚስት ድምፅ ዛሬም ለንደን ውስጥ ተጠብቆ ይገኛል። የዚያ ዘመን የአፍሪካ መሪ ድምፅ ተቀድቶ መትረፉ ቀላል ነገር አይደለም።

የንግሥቲቱ ሰም ግን አልተረፈም። ከተሰማ በኋላ እንዲጠፋ ተጠይቆ ነበርና ተሰባብሮ ጠፋ። እንግሊዞቹ የንግሥታቸው ድምፅ በማይፈልጉት እጅ እንዲቀር አልፈለጉም። ዛሬ የመረጃ ደኅንነት የምንለውን ያኔ በመዶሻ ሠርተውታል።

እኛ ጋ ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። ሊተርፍ የሚገባውን እናጠፋለን፣ ሊጠፋ የሚገባውን እንተዋለን። የመመረቂያ ጽሑፉን በአንዲት ፍላሽ ብቻ ይዞ የሚዞር ተማሪ ስንት ነው? ባለሙያዎች የሚመክሩት ሦስት ቅጂ ነው፤ አንዱ ኮምፒዩተር ላይ፣ አንዱ ሌላ ዲስክ ላይ፣ አንዱ ደግሞ ከቤት ውጪ ወይም በኢንተርኔት ላይ። ቤት ቢዘረፍ ወይም ቢቃጠል ሦስተኛው ይተርፋል። በአንጻሩ ስልክ ወይም ኮምፒዩተር ሲሸጥ ፋይል ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ዲሊት የተደረገ ፋይል እላዩ ላይ ሌላ እስኪጻፍበት ድረስ ብዙ ጊዜ ሊመለስ ይችላል። ከአካውንት መውጣት፣ ከዚያም መሣሪያውን ሙሉ በሙሉ ወደ ፋብሪካ ይዘቱ መመለስ ያስፈልጋል። ፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒዩተር ላይ ኢሜይሉን ከፍቶ ሳይዘጋ የሚሄድ ሰውም የራሱን ሰም ሳይሰብር ሄዷል ማለት ነው።

ሃያ አራት ቅጂ

አሁን ወደ ራሳችን ሙያ እንምጣ። በ1890ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. አንድሬያስ ካቫዲያስ የተባለ የግሪክ ተወላጅ አዲስ አበባ ላይ የአማርኛ ጋዜጣ ጀመረ። አእምሮ የሚለውን ስም ያወጡለት ምኒልክ ራሳቸው ናቸው። ማተሚያ አልነበረውም። በእጅ እየተጻፈ በየሳምንቱ 24 ቅጂ ብቻ ይወጣ ነበር። ሃያ አራት! የእኛ ክፍል ተማሪዎች እንኳ ለየብቻ አይደርሳቸውም። ቆይቶ የማባዣ መሣሪያ ሲገኝ ቅጂው ወደ ሁለት መቶ ገደማ ከፍ አለ።

እስቲ ይህን እንደ ትንሽ ቢሮ እንየው። አንድ አዘጋጅ፣ ጥቂት ጸሐፊ፣ አንድ ማባዣ። አንባቢዎቹ ቤተ መንግሥትና መኳንንት ናቸው። መሣሪያው በአንዴ ሥራውን ስምንት እጥፍ አደረገው። ይሁንና አንባቢውን አልለወጠውም። ማንበብ የሚችል ሰው እስኪበዛ ድረስ ሁለት መቶውም ለአገሩ ጠብታ ነበር።

ከዚያ በኋላ የአማርኛ ፊደል ከመሣሪያ ጋር ረጅም ትግል ገጥሞታል። ለላቲን ፊደል የተሠራው የጽሕፈት መኪና ከሁለት መቶ በላይ የሆኑትን ቅርጾቻችንን አልችል አለ፤ የአማርኛውን መኪና በመፍጠር ስማቸው የሚነሳው ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። ኮምፒዩተር ሲመጣ ደግሞ እያንዳንዱ ሶፍትዌር የየራሱን ኮድ ይዞ መጣ፤ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ መፍትሔው ተገኘ። ሆኖም እስካሁን በአሮጌው ፎንት የተቀመጡ የቢሮ ሰነዶች በየቦታው አሉ። ያለው ሰው ፎንቱ የሚሠራበት ኮምፒዩተር ሳይሞት ወደ ዩኒኮድ ይለውጣቸው። አለበለዚያ ፋይሉ እያለ ጽሑፉ ይጠፋል።

መስመሩ ለማን ነበር?

እስካሁን ያመሰገንኩ ይመስላል። አንድ ሕይወት ሲጻፍ ግን ግማሹ ብቻ ከተጻፈ ማስታወቂያ ይሆናል። በምኒልክ ዘመን ግዛቱ ወደ ደቡብ፣ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ በጦር ሰፍቷል። በ1879 ዓ.ም. ጨለንቆ ላይ የሐረር ጦር ተሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ1894 መጨረሻ፣ ማለትም ቴምብሩ በታተመበትና ቧንቧው በወረደበት በዚያው ዓመት፣ ምኒልክ ራሳቸው የመሩት ዘመቻ ወላይታን ወጋ፤ ብዙ ሕዝብ አለቀ፣ ብዙ ተማረከ። በየአካባቢው ገበሬው መሬቱን ለነፍጠኛና ለሹም እያረሰ ገባር ሆነ። ሰንዳፋን ጨምሮ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው የቱለማ ኦሮሞ መሬትም የዚህ ታሪክ አካል ነው። ስለ ምኒልክ በየቤቱ የሚነገረው ታሪክ የተለያየው ስለዚህ ነው፤ አንዱ ቤት ነፃነትን ያስታውሳል፣ ሌላው ቤት መነጠቅን። ሁለቱም የደረሰ ነገር ነው።

ስልኩና ቴሌግራፉም ከዚህ ውጪ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1904 ጣሊያኖች ከአስመራ አዲስ አበባ የቴሌግራፍ መስመር ዘረጉ፤ ሌሎች መስመሮችም ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ወጡ። መስመሩ የሚያገናኘው ማዕከሉን ከሹሙ ጋር ነበር። ግብር ስንት ገባ፣ ጦር የት ደረሰ የሚለው በዚህ ይሄዳል። ገባሩ ግን የሚያወራበት ቀፎ አልነበረውም። መሣሪያ ለማን እንደሚያገለግል ራሱ አይመርጥም፤ የሚመርጠው ቀፎውን የያዘው ነው። ሱሉልታ ላይ በ1971 ዓ.ም. የሳተላይት ምድር ጣቢያ ሲቋቋም፣ በ1989 ዓ.ም. ኢንተርኔት ሲገባ፣ ዛሬም ስልክ በየኪሱ ሲገኝ ይኸው ጥያቄ አብሮ ይመጣል። ማን ይናገርበታል? ማንስ ሲፈልግ ይዘጋዋል?

የኤሌክትሪክ ወንበሩ ወሬ

በዚህ አጋጣሚ ለክፍል ጓደኞቼ አንድ ነገር ላስታውስ። ስለ ምኒልክና ቴክኖሎጂ በዓለም ላይ በጣም የተሰራጨው ታሪክ የኤሌክትሪክ ወንበሩ ነው። ንጉሡ የሞት ቅጣት መፈጸሚያ ወንበር ከአሜሪካ አዘዙ፣ ሲመጣ ግን አገሩ ላይ ኤሌክትሪክ ስለሌለ ዙፋን አደረጉት የሚል ነው። ያስቃል። በውጭ የአስደናቂ እውነታዎች መጻሕፍት ውስጥ እየተገለበጠ ኖሯል። ማስረጃ ግን የለውም። በዘመኑ አዲስ አበባ የነበሩ ብዙ የውጭ ሰዎች ስለ ቤተ መንግሥቱ እያንዳንዷን ነገር ሲጽፉ ይህን አስደናቂ ወንበር አንዳቸውም እንዴት ሳያነሱት ቀሩ? ደግሞስ ሰውን በጫማ ፈትኖ የሚቀጥር ሰው ሶኬት የሌለው ዕቃ ያዛል? ወሬው የሚያሳየው ምኒልክን ሳይሆን የወሬውን ፈጣሪ ግምት ነው፤ አፍሪካዊ ንጉሥ መሣሪያ አይገባውም የሚለውን። ኢንተርኔት ላይ ደግሞ እኛው ራሳችን እየሳቅን ሼር እናደርገዋለን።

የዘገየው ትምህርት ቤት

በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬዳዋ ደረሰ። በየካቲት 1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ተከፈተ። በ1900 ዓ.ም. አንድ ከእንግሊዝ፣ አንድ ከጀርመን የመጡ መኪናዎች አዲስ አበባ ገቡ፤ ምኒልክ ፈረሱን ትተው ራሳቸው ተሳፈሩ። በዚያው ዓመት የመጀመሪያዎቹ ሚኒስትሮች ተሾሙ። እ.ኤ.አ. በ1908 አገሪቱ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል ሆነች።

በዚሁ በ1908 እ.ኤ.አ. በስማቸው የሚጠራው የመጀመሪያው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ተከፈተ። አስተማሪዎቹ ከግብፅ የመጡ ቅብጦች ነበሩ። እንግዲህ ቀኖቹን እናስተያይ። ስልኩ በ1882 ዓ.ም. ገባ፤ ስልክን ሊያውቅ የሚችል ልጅ የሚማርበት ቤት የተከፈተው ከዚያ 18 ዓመት ያህል በኋላ ነው። በመሐሉ ውኃውንም፣ ባቡሩንም፣ ባንኩንም፣ ፖስታውንም የሚያንቀሳቅሱት በአብዛኛው የውጭ ሰዎች ናቸው። ኢልግ አገሩ ሲገባ እውቀቱም አብሮት ገባ። በእኔ አስተያየት የምኒልክ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። መሣሪያ አልፈሩም፣ ለአዲስ ነገር በራቸው ክፍት ነበር፣ ገንዘብም አወጡ። ግን መሣሪያው ቀደመ፣ ሰው ዘገየ። ሙሉ በሙሉ በእሳቸው መፍረድም አይቻልም፤ ዘመናዊ ትምህርት ሃይማኖት ያጠፋል የሚል ተቃውሞ በርትቶባቸው ነበር፤ መምህራኑን ከቅብጥ ቤተ ክርስቲያን ማስመጣታቸውም ለዚያ መልስ ነበር።

በቤታችንም ይኸው ነው የሚሆነው። ቢሮው አምስት ኮምፒዩተር ይገዛል፣ የሚያውቀው ግን አንድ ልጅ ብቻ ነው። ልጁ ሥራ ሲለቅ ይለፍ ቃሉም፣ የፋይሉ ቦታም፣ የፕሪንተሩ አመልም አብሮት ይሄዳል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። አንድ ደብተር ይኑር፤ የትኛው ፋይል የት እንዳለ፣ ማሽኑ መቼ እንደተጠገነ፣ ማን እንደጠገነው ይጻፍበት። ይለፍ ቃል ግን ማያው ላይ በወረቀት አይለጠፍ፤ ኃላፊው ዘንድ ታሽጎ ይቀመጥ። ሁለተኛ ሰው ደግሞ የግድ ይሠልጥን። የሰው ፍላሽ ከመክፈት በፊት በአንቲቫይረስ ማስፈተሽን፣ ፎልደር መስሎ የተቀመጠ ሾርትከት አለመንካትን ሁሉም ይልመድ።

ዜና የተደበቀባቸው ንጉሥ

ምኒልክ በሕመም መዳከም የጀመሩት ከ1898 ዓ.ም. ወዲህ ነው። ደጋግሞ የመታቸው ሕመም አካላቸውንም ንግግራቸውንም ያዘ። በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን አልጋ ወራሽ አድርገው አሳወቁ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት አልጋ ላይ አሳለፉ። አገሩን በሽቦ ያናገሩት ሰው መናገር አቃታቸው።

ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ሞታቸው ግን ለሕዝብ አልታወጀም። የሥልጣን ሽኩቻ ይነሳል ተብሎ ተፈራና ነገሩ ተደበቀ። ስልክ ነበረ፣ ቴሌግራፍ ነበረ፣ ፖስታ ነበረ፣ ማባዣ ነበረ። ይህን ሁሉ ያስገቡት ሰው የራሳቸው የሞት ዜና ግን በአንዱም አልተነገረም። ሕዝቡ በሹክሹክታ ነው የሰማው። ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው እሳቸው ካለፉ በኋላ በ1909 ዓ.ም. ነው። አስከሬናቸው በኋላ ልጃቸው ንግሥት ዘውዲቱ ባሠሩት በበዓታ ለማርያም አርፏል።

ከዚህ ሁሉ ምን እናውጣ? የሰንዳፋም ሆነ የሌላ ከተማ ባለ ትንሽ ቢሮ አዲስ መሣሪያ ከመግዛቱ በፊት እንደ ምኒልክ ይፈትን፣ እንደ ምኒልክም አይፍራ። ከገዛ በኋላ ግን ከምኒልክ ፈጠን ብሎ ሰው ያስተምር። እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ደግሞ አንድ የሚቀርብን ሥራ አለ። መስመሩ ተዘርግቷል፣ ቀፎውም በእጃችን ነው። ሊነገር የሚገባው ዜና በዝምታ እንዳያልፍ የማድረጉ ድርሻ የኛ ነው።